ባለ 70 ግራም ወይስ ባለ 80? መጀመሪያ ሚዛን ላይ አውጡት

ፕሪንተርና ፎቶ ኮፒ ማሽን ጥገና ላይ ነው የምሠራው። ስለዚህ ወዳጅ ዘመድ ወረቀት ሊገዛ በወጣ ቁጥር ስልኬ ይጮኻል። «ባለ 70ው ይሻላል ባለ 80ው?» ይሉኛል። ባለ 80ውን ግዙ እላለሁ። «ያኛው ግን ይረክሳል እኮ!» ይመጣል ቀጥሎ። እስቲ መርከሱን አብረን እናስላው።

ቁጥሩ የአንድ ካሬ ሜትር ወረቀት ክብደት ነው። አንድ ካሬ ሜትር ደግሞ 16 ኤ ፎር ይወጣዋል። ስለዚህ ባለ 80ው አንዱ ወረቀት 5 ግራም ይመዝናል፣ 500 ፍሬ ያለው ደስጣ 2.5 ኪሎ ይሆናል ማለት ነው። የባለ 70ው ደስጣ 2.2 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ልዩነቱ 12.5 በመቶ ነው። ይቺን ቁጥር ያዙልኝ። ባለ 70ው ቢያንስ በ12.5 በመቶ ካልረከሰ፣ በኪሎ ሲታሰብ ውዱ እሱ ነው። ሻጩ 5 በመቶ ቀንሶ «በቅናሽ ነው የሰጠሁህ» ካለ፣ ቅናሹ ለራሱ ነው።

«እኔ ወረቀት በኪሎ አልጠቀምም» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። ፋብሪካው ግን የሚሸጠው በቶን ነው። በቶን ተሸጦ በፍሬ የሚገዛ ዕቃ ላይ መሐል ቤት ብዙ ጨዋታ አለ።

ዋጋው ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ፋብሪካው ውስጥ ትንሽ ገባ እንበል። ጥሩ የኮፒ ወረቀት የሚሠራው በኬሚካል ከተቀቀለ እንጨት ነው። ክራፍት ይሉታል ዘዴውን። ካርል ዳል የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት ነው ያመጣው፤ አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1884 ነው። ቅቀላው የእንጨቱን ጭረቶች፣ ማለትም ቀጫጭን ክሮቹን፣ አጣብቆ የያዘውን ሊግኒን ያወጣዋል። ችግሩ፣ ከእንጨቱ ለወረቀት የሚተርፈው ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው። ሌላው መንገድ እንጨቱን በማሽን መፍጨት ነው። ያን ጊዜ ከ90 በመቶ በላይ ይተርፋል። ርካሽ ነው፣ ግን ሊግኒኑ እዚያው ይቀራል። ጋዜጣ ፀሐይ ላይ ሲቀመጥ ቶሎ ቢጫ የሚሆነው በዚህ ነው። ሰነድ ዓመታት እንዲቆይ ከፈለጋችሁ የተፈጨ እንጨት የገባበትን አትንኩ። ጥርጣሬ ካላችሁ አንዱን ወረቀት ግማሹን በመጽሐፍ ሸፍናችሁ ፀሐይ ላይ ጥቂት ቀን ተዉት። ያልተሸፈነው ግማሽ ጉዱን ያወጣል።

የተቀቀለው ጭረት ከ99 በመቶ በላይ ውሃ በሆነ ድብልቅ ተበጥብጦ በሚሮጥ ወንፊት ላይ ይፈስሳል። ውሃው ይንጠፈጠፋል፣ ይመጠጣል፣ በሮለር ይጨመቃል፤ ቀሪው በእንፋሎት በሚሞቁ ትልልቅ ሲሊንደሮች ላይ ይደርቃል። ዘመናዊ ማሽን በደቂቃ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ወረቀት ይተፋል። በዚህ ፍጥነት እያንዳንዷ ግራም ገንዘብ ናት። ጭረት ውድ ነው፣ ካልሲየም ካርቦኔት የሚባለው ነጭ ዱቄት ደግሞ ርካሽ። ስለዚህ ዱቄቱ ይጨመራል። መጨመሩ በራሱ ማጭበርበር አይደለም፤ ወረቀቱን ያነጣዋል፣ ብርሃን እንዳያሳልፍም ይረዳል። ሲበዛ ነው ጣጣው። ወረቀቱ ይልፈሰፈሳል፣ ዱቄቱም ይራገፋል።

እዚህ ጋ ነው የኔ ሥራ የሚጀምረው። «ማሽኑ ወረቀት አልስብ አለ» ተብዬ እሄዳለሁ። ትሪውን አውጥቼ ወረቀት የምትስበዋን ጎማ በጣቴ ስነካት ጣቴ ነጭ ይሆናል። ጎማዋ ላይ የነበሩት ጥርሶች መሐል ዱቄት ተጠቅጥቆ ለስልሳለች። እርጥብ ጨርቅ ወስጄ እጠርጋታለሁ፣ ማሽኑ ይሠራል። ባለቤቱ ግን ከኔ በፊት የጠራው ሰው «ጎማው አልቋል» ብሎ አዲስ አስገዝቶታል። ሰውየው ከሄደ በኋላ ያው ወረቀት ተመልሶ ይገባል፣ ያው ችግር ይመጣል።

ዱቄቱ ሁልጊዜ ከፋብሪካው አይመጣም። የፋብሪካው ማሽን የሚያወጣው ግዙፍ ጥቅል ነው። ጥቅሉን ገዝተው በኤ ፎር ልክ ቆርጠው፣ በራሳቸው ስም ጠቅልለው የሚሸጡ ብዙ ናቸው። መቁረጫቸው ከደነዘ ጠርዙ ይሻክራል፣ ብናኝ ይይዛል። ደስጣውን ከፍታችሁ ጠርዙን በጥቁር ጨርቅ ጠረግ አድርጉት። ጨርቁ ከነጣ ለማሽናችሁ እዘኑለት።

አሁን ወደ 70 እና 80 ልመለስ። የወረቀት ግትርነት ከውፍረቱ ጋር እኩል አይወርድም። አሠራሩ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ውፍረቱ በ12.5 በመቶ ሲቀንስ ግትርነቱ በሲሶ ገደማ ይቀንሳል። ማሽን ውስጥ ወረቀቱ ታጥፎ፣ ዞሮ፣ ቀለሙን በሙቀት ወረቀቱ ላይ ከሚያጣብቀው፣ ፊውዘር ከሚባለው የጋለ ክፍል ተላቅቆ መውጣት አለበት። ልፍስፍሱ እዚያው ይጠቀለላል። ወይም ሁለት ሦስቱ ተጣብቀው ይገባሉ። ከ50ው አንዱ ቢበላሽ 2 በመቶው ሄደ ማለት ነው፤ ቶነሩ (የቀለሙ ዱቄት) እና ንዴቱ ሳይቆጠር።

ትልቁ ኪሳራ ግን ሌላ ነው። ስስ ወረቀት ላይ የጀርባው ጽሑፍ ወደ ፊት ያሳያል። ስለዚህ ሰው በአንድ ገጽ ብቻ ያትማል። በሁለቱም ገጽ ማተም የሚያስችል ወረቀት የወረቀት ወጪያችሁን በግማሽ ይቀንሳል። ይሄን የሚያካክስ የ70 ግራም ቅናሽ የለም።

ፎርጅዱ ደግሞ የራሱ ጉድ አለው። አንድ ደንበኛዬ ማሽኑ ጃም እያደረገ፣ ወረቀት ውስጡ እየተቀረቀረ አስቸግሮት ያመጣልኝ ደስጣ ላይ በትልቁ «80» ተጽፏል። ሚዛን ላይ ስናወጣው 2.3 ኪሎ ነው። ፍሬ ሰርቀውት ይሆናል ብለን ቁጭ ብለን ቆጠርን። 500 ሙሉ! የጎደለው ግራሙ ነበር፤ ወረቀቱ ባለ 74 እንኳ አይሞላም። በጣት ዳብሶ ይሄን የሚያውቅ የለም። ብዙ ያልተጨመቀ ወረቀት ቀሎም ወፍራም ይመስላልና ውፍረትን አትመኑ። የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል። «80 ግራም፣ 500 ፍሬ» የሚል ደስጣ ከነመጠቅለያው 2.4 ኪሎ ካልገባ መልሱት።

ንጣቱም አያታላችሁ። ዓይን የሚወጋው ነጭ በአብዛኛው የማይታይ ጨረርን ወደሚታይ ብርሃን የሚቀይር ኬሚካል ሥራ ነው። ለማሽኑ ምንም አይፈይድም።

ባለ 70ው ምንም አይረባም ማለቴ አይደለም። ለረቂቅ፣ በአንድ ገጽ ለሚታተም ቅጽ፣ በእጅ ለሚጻፍበት ነገር ይሆናል። በደንብ የተሠራ ባለ 70 ከተጭበረበረ ባለ 80ም ይሻላል። ግን 12.5 በመቶውን ቅናሽ አስከብሩ። ከተጣለ ወረቀት ተመልሶ የሚሠራውን በተመለከተ፣ ጭረቱ በተመለሰ ቁጥር እያጠረ ይሄዳል። ጥሩው ይሠራል፤ ብናኙን በጨርቅ ሳትፈትሹ ግን አትግዙ።

መጠቅለያው ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የኮፒ ወረቀት ከፋብሪካ ሲወጣ ውስጡ ያለው እርጥበት 5 በመቶ አካባቢ ነው። ጥሩ መጠቅለያ በውስጥ በኩል እርጥበት የሚከለክል ስስ ሽፋን አለው። በተራ ወረቀት የተጠቀለለ ደስጣ ከአየሩ እርጥበት ይስባል፣ ጠርዙ ይሞገዳል፣ ከዚያ ጃም ነው። የቀደዳችሁትን ደስጣም ክፍት አትተዉት። መጠቅለያው ላይ ቀስት ካለ ቀድሞ የሚታተምበትን ገጽ ነው የሚያሳየው። ወረቀቱ ታትሞ ሲወጣ እየተጠቀለለ ካስቸገራችሁ፣ ቴክኒሻን ከመጥራታችሁ በፊት ትሪው ውስጥ ገልብጡት።

በካርቶን ስትገዙ ትንሽ ይረክሳል። ቢሆንም መጀመሪያ አንድ ደስጣ ብቻ ውሰዱ። መዝኑት፣ ጠርዙን ጥረጉት፣ በሁለቱም ገጽ መቶ ያህል አትሙበት። ካለፈ ካርቶኑን ውሰዱ። ከካርቶኑ ውስጥም አንዱን ደስጣ መዝኑ።