ለፋይበሩ ጋሼ ምስጋና፣ ጀልባ ላላችሁም ጥቆማ

ጣና ላይ የፋይበርግላስ ጀልባ ያላችሁ ሁሉ ይህን ጽሑፍ እንድታነቡልኝ እለምናለሁ። ባሕር ዳር ውስጥ አንድ የፋይበር ባለሙያ አሉ። ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ አልወደዱም። «ሥራዬን ተናገር፣ ስሜን ተወው» ስላሉኝ ቃላቸውን አክብሬ ጋሼ እያልሁ እቀጥላለሁ። ወደ ጀልባ ማቆሚያው ወርዳችሁ ከነጂዎቹ አንዱን «የፋይበሩ ጋሼ የት ናቸው?» ብትሉት ያደርሳችኋል።

የማመሰግናቸው ጀልባህን አልጠግንም ስላሉኝ ነው።

ጀልባዬ እንግዶችን ወደ ዘጌና ወደ ክብራን ገብርኤል የምታመላልስ፣ ባለ 40 ፈረስ ጉልበት ሞተር ናት። ጣናን የሚያውቅ ዳርቻውንም ያውቃል፤ ሐይቁን የገደበው ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ዓለት ስለሆነ በየማረፊያው የሚጠብቃችሁ ጥቁር ድንጋይ ነው። በመስከረምና በጥቅምት ውኃው ሞልቶ ሳለ ድንጋዩ ይሸፈናል። ከዚያ ወዲያ እየጎደለ ይሄድና ግንቦትና ሰኔ ላይ ከዚህ በፊት ታይቶ የማያውቅ የሚመስል ዓለት ብቅ ይላል። የእኔዋም አፍንጫዋ የተላጠው፣ ጎኗም በቀጫጭን ስንጥቆች የተሞላው በዚሁ ድንጋይ ነው። አስቀድሜ ያማከርሁት ሌላ ሰው ጎኑ በሙሉ ተቆርጦ ካልተለወጠ አይሆንም አለኝ። የጠራልኝ ዋጋ ጀልባዋን ሸጬ የደንገል ታንኳ እንድገዛ የሚያስመኝ ነበር።

ጋሼ ሲመጡ መሣሪያ እንኳን አልያዙም። ከኪሳቸው የአንድ ብር ሳንቲም አወጡና ከስንጥቁ ራቅ ካለ ቦታ ጀምረው እየተጠጉ ጎኗን ኳ ኳ ያደርጉ ጀመር። «ጆሮህን አምጣ» አሉኝ። ደኅናው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። በውስጥ የተነባበረው ፋይበር እርስ በርሱ ከተላቀቀ ግን ድምፁ የታፈነና ባዶ ይሆናል። የእኔዋ ከዳር እስከ ዳር ጥርት ብላ ጮኸች። «ልጄ፣ የተጎዳው ቆዳው ነው፤ አጥንቱ ደኅና ነው። ለዚህ የእጅ ዋጋ አልቀበልህም። ራስህ ትሠራዋለህ፣ እኔ ቆሜ አያለሁ» አሉ። የዕለት እንጀራውን በዚህ ሥራ የሚያገኝ ሰው ይህን ሲናገር ስንቶቻችን ሰምተናል?

ቆዳ ያሉት ጄልኮት የሚባለውን የላይኛውን ሽፋን ነው። ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም ከሥሩ ያለውን ፋይበር ከውኃና ከፀሐይ የሚጠብቀው እሱ ነው። ስለዚህ ስንጥቁ ትንሽ ነው ተብሎ ለዓመታት አይተውም።

እኔ ብርጭቆ ወረቀቱን ይዤ ስቀርብ ጋሼ ከእጄ ወሰዱት። መጀመሪያ መታጠብ አለበት፤ በሳሙናና በውኃ፣ ሲደርቅም በአሴቶን፣ ያውም ጨርቁ እየተለወጠ። ሳይጸዳ ከተፋቀ ሰሙና ቅባቱ በወረቀቱ እየታሸ ወደ ውስጥ ይገባና በላዩ የሚቀባው አይይዝም። ቀጥሎ ስንጥቁን በመፋቂያ ጫፍ እንድከፍተው አዘዙኝ። ለመሙላት የመጣሁትን ነገር ማስፋት መጀመሪያ ላይ ልቤ አልተቀበለውም። ጠባብ ስንጥቅ ግን ጄልኮቱን ወደ ውስጥ አያስገባም፤ ላዩን ብቻ ሸፍነው ቢተዉት ያው መስመር ተመልሶ ይወጣል። አፉ ሰፋ፣ ሥሩ ጠበብ ብሎ እስከ ጤነኛው ቦታ ድረስ ሊከፈት ይገባል።

ጄልኮቱም ሆነ ፋይበሩን የሚያያይዘው ሬዚን የሚባል ሙጫ መሰል ፈሳሽ የሚደነድነው ማጠንከሪያ ሲቀላቀልበት ነው። የማጠንከሪያው ጠርሙስ ከመከፈቱ በፊት ደግሞ የዓይን መከላከያ መነጽር እንዳመጣ ወደ ቤት መለሱኝ። ይህን ነገር እንዳትንቁት። የፖሊስተር ሬዚን ማጠንከሪያ ዓይን ውስጥ ቢገባ ብርሃን እስከማሳጣት ሊያደርስ ይችላል። ሬዚኑ ከማፍጠኛው፣ ማለትም መድረቁን ከሚያፋጥነው ፈሳሽ፣ ተለይቶ የሚሸጥ ዓይነት ከሆነም ማፍጠኛውና ማጠንከሪያው በቀጥታ እንዳይገናኙ፤ ይፈነዳሉ። ማፍጠኛው አስቀድሞ ከሬዚኑ ጋር በደንብ መዋሐድ አለበት። ጓንት፣ የአፍንጫ መሸፈኛና አየር የሚተላለፍበት ቦታም ያስፈልጋል፤ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ደግሞ ወዲያ ይራቅ።

ልኬቱን የሚሠሩት በመርፌ መስጫ ሲሪንጅ ነው። ለ100 ሚሊ ሊትር ሬዚን ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሊትር ማጠንከሪያ ይበቃል፤ በሞቃት ቀን ወደ 1፣ ቀዝቀዝ ሲል ወደ 2 ይጠጋሉ። ቶሎ ይድረቅልኝ ብሎ የሚያበዛ ሰው ሬዚኑን በራሱ ሙቀት ያቃጥለዋል፤ የደረቀውም ተሰባሪ ይሆናል። በአንድ ጊዜ ብዙ መበጥበጥም አይፈቅዱም፤ በጣሳ ውስጥ የተከማቸ ሬዚን ከተቀባው ይልቅ ፈጥኖ ይግላል። ስለዚህ በጥቂት በጥቂቱ፣ ያውም በጧት።

የተከፈተውን ስንጥቅ ጄልኮት ሞልቼ ከፍ አድርጌ ከተውሁት በኋላ ጋሼ ከአንድ የፕላስቲክ ፌስታል ቆርጠው ሰጡኝ። አየር የነካው ጄልኮት ላዩ እየተጣበቀ ስለሚቀር ፕላስቲኩ ላዩ ላይ ተለጥፎ ጠርዙ በፕላስተር ይያዛል። በማግስቱ ስልጠው ከሥሩ ያለው ደንድኖ ነበር። ከዚያ በኋላ የቀረው ትዕግሥት ነው፤ ብርጭቆ ወረቀቱን ውኃ እየነከሩ ከ220 ወደ 400፣ ከ400 ወደ 600፣ በመጨረሻም 1000 ቁጥር፣ ቀጥሎ ማወልወያ። ክንዴ ዝሏል፤ ጎኗ ግን ፊት ያሳያል።

አፍንጫዋ ላይ ነገሩ ጠጠር ያለ ነበር፤ ጄልኮቱ ተልጦ ፋይበሩም ተበልቷል። እዚያ ላይ ጋሼ ያገኙት ነገር አናደዳቸው። ከእኔ በፊት የነበረ አንድ እጅ ቀዳዳውን በመኪና ስቱኮ ደፍኖት ኖሯል። ስቱኮ ውኃ ይመጥጣል፤ ከውኃ መስመር በታች ከገባ ቀስ በቀስ እያበጠ ይለቃል። ሁሉንም ጠርጌ ካወጣሁ በኋላ ዙሪያውን ስስ እያደረግሁ እንድሞርደው አሳዩኝ። ደንቡ አንድ ለ12 ነው፤ የተበላው ጥልቀት 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ ጠርዙ በየአቅጣጫው 36 ሚሊ ሜትር ያህል እየሳሳ መሄድ አለበት። አዲሱ ፋይበር አሮጌውን የሚይዘው በስፋቱ ነው። ከዚያ ምንጣፍ የሚመስለው የፋይበር ጨርቅ በሬዚን እየራሰ ይነባበራል፣ አየሩም በሮለር ይወጣል። ነጭ ሆኖ የቀረ ቦታ ካለ ሬዚን አልጠጣም ማለት ነው።

ቀለሙ አልገጠመም፤ ይህንንም ልናገር። አሮጌው ነጭ በፀሐይ ወደ ቢጫ አድልቷል። ጋሼ ጠብታ በጠብታ ቀለም ጨምረው ቢያቀራርቡትም በቅርብ ያየ ሰው ይለየዋል። እኔ አላስጨነቀኝም፤ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚሄድ እንግዳ የጀልባ አፍንጫ ሲመረምር እስካሁን አላየሁም።

ሁሉንም ግን ራሳችሁ እንድትሠሩት እያልሁ አይደለም። ሳንቲሙ ባዶ ድምፅ ከሰጠ፣ ቀዳዳው ወደ ውስጥ ከዘለቀ፣ ወይም ጉዳቱ ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ ላይ ከሆነ ወደ ጋሼ ውሰዱት። ያ ግድግዳ ብዙ ጊዜ በውስጡ እንጨት አለው፤ በብሎን ቀዳዳ ውኃ ገብቶ ከበሰበሰ ከላይ መቀባት ሞተሩን ሐይቅ ውስጥ ለመጣል መዘጋጀት ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ ጋሼ ከፍተው፣ አድርቀው፣ እንጨቱን ለውጠው ሲጨርሱ አይቻለሁ። ዋጋቸውን ሥራውን ሳያዩ አይናገሩም፤ ከተናገሩ በኋላም አይጨምሩም። ከእኔ የተቀበሉት የሬዚኑንና የፋይበሩን ዋጋ ብቻ ነው፤ ሌላ ብዬ የዘረጋሁትን በቁጣ መለሱት።

ጋሼ፣ ይህን ልጅዎ ካነበበልዎ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። እጅዎ አይዛል።

ለሚፈልጓቸው፦ ስልክ ብዙ አያነሡም፤ በአካል መሄድ ይሻላል። ከገናና ከጥምቀት በፊት ባሉት ሳምንታት ወረፋው ስለሚበዛ ቀደም ብላችሁ ያዙ። ጀልባችሁንም ከውኃ አውጥታችሁ፣ በደንብ አድርቃችሁ ጠብቋቸው፤ እርጥብ ፋይበር ላይ እጃቸውን አያሳርፉም።