ጅማ ላይ በባንክ ብድር መብራት የማይበላ ቤት መስራት፦ ብድሩ ይሰራል፣ ግምቱ ግን...

ሰላም የጅማ ልጆች፣ ብዙ ሰው በውስጥ መስመር ስለ ቤት መስሪያ ብድሩ ስለሚጠይቀኝ አንዴ በደንብ ልጻፈውና ይለይለት። የባንኩን ስም አልጠራም፣ የማመሰግናቸውም የምወቅሳቸውም ነገር አለ፣ ደሞ ካነጋገርኳቸው ሌሎች ባንኮች ጋር አሰራሩ ያን ያህል አይለያይም።

መጀመሪያ የፈለግነው ምን አይነት ቤት እንደሆነ ልበል። ጅማ ተወልዶ ያደገ ያውቀዋል፣ ቆርቆሮ ቤት ቀን ይግላል ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ክረምት ሲገባ ደሞ ግድግዳው ከስር እርጥበት ይስባል ልብሱ ቁም ሳጥን ውስጥ ይሻግታል። እኔና ባለቤቴ ማሞቂያም ማቀዝቀዣም የማይፈልግ ቤት ነበር ያሰብነው። ረጅሙ ጎኑ ወደ ሰሜንና ደቡብ የዞረ፣ ስለዚህ የጠዋትና የከሰዓት ፀሐይ ግድግዳውን በሙሉ አይመታውም፣ ሰፊ ታዛ ያለው፣ ከኮርኒሱ በላይ ኢንሱሌሽን (ሙቀትና ቅዝቃዜ የሚከላከል ንጣፍ) የተነጠፈበት፣ ውሃውን በፀሐይ የሚያሞቅ። ከመስከረም 2017 ጀምሮ የመብራት ታሪፍ በየሶስት ወሩ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው፣ ኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ እየሳበ በዛ ላይ ቦይለር ጨምራችሁበት አስቡት።

ወደ ባንኩ ልምጣ። የብድር ክፍሏ ልጅ ምስጋና ይገባታል፣ ከልቤ ነው። የሚያስፈልገውን ወረቀት በመጀመሪያው ቀን ሙሉውን ጽፋ ሰጠችን፦ ካርታ፣ የግንባታ ፈቃድ፣ የጸደቀ ፕላን፣ ቢል ኦፍ ኳንቲቲ (የእቃና የስራ ዝርዝር ከነዋጋው)፣ ከእዳና እገዳ ነፃ መሆኑን የሚያሳይ ማረጋገጫ፣ የሊዝ ክፍያ ያለበት የከፈለበት ደረሰኝ፣ የደሞዝ ደብዳቤ፣ ያገባ የጋብቻ ያላገባ ያለማግባት ማስረጃ። ሌላ ቦታ እኮ "ይሄ ይጎድላል" እያሉ በየጊዜው አንድ አንድ ወረቀት ነው የሚያስመጡት። አማቴ ቦታው በሳቸው ስም ስለነበረ እሳቸውም መፈረም ነበረባቸው፣ ውሉን አንቀጽ በአንቀጽ በኦሮምኛ አስረዳቻቸው፣ "አደ፣ ይሄ ማለት ልጆቹ ካልከፈሉ ቤቱ ይሸጣል ማለት ነው፣ ገብቶዎታል?" ብላ ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ይሄን የሚያደርግ ሰራተኛ ብዙ አላየሁም።

ችግሩ ባንኩ ለቤቱ የሚያወጣው የዋጋ ግምት ላይ ነው። ከባንኩ ዲስትሪክት ቢሮ የመጣው መሐንዲስ ሜትሩን ይዞ ቢል ኦፍ ኳንቲቲውን መስመር በመስመር እያየ ሲሚንቶ እሺ፣ ፌሮ እሺ፣ ብሎኬት እሺ እያለ መጣና ኢንሱሌሽን ላይ ሲደርስ እስክሪፕቶውን አቆመ። "እህቴ፣ ይሄ ከኮርኒስ በላይ ነው አይታይም፣ ነገ ባንኩ ቤቱን ለሀራጅ ቢያወጣው ገዢ ለዚህ ይከፍላል?" አለኝ። አልተቆጣሁም፣ እሱ የተላከበት ስራ ያ ነው፣ ባንኩ የሚያበድረው ለቤቱ የሽያጭ ዋጋ እንጂ ለመብራት ቢሌ አይደለም። ግን ያሳዝናል፣ በየወሩ ትንሽ መብራት የሚከፍል ቤተሰብ እኮ ብድሩንም ለመክፈል ይቀለዋል፣ ይሄን የሚያይ ቦታ ፎርማቸው ላይ የለም። የሶላር ውሃ ማሞቂያውን ግን ጣሪያው ላይ ተገጥሞ የሚቀር ስለሆነ ሳኒተሪ (የውሃ መስመር) ስራ ውስጥ ሲገባ ተቀበለው። በማሽን የተጨመቀ የአፈር ብሎኬት ልንጠቀም አስበን ነበር፣ ቀይ አፈራችን ሞልቶ፣ የጥንካሬ የላብራቶሪ ውጤት ካልመጣ አልቀበልም አለ፣ እዚህ ላይ እውነት አለው፣ ለጊዜ ብለን ወደ ተለመደው ብሎኬት ሄድን። ስለዚህ ምክሬ፣ አቅጣጫውን ታዛውን መስኮቱን ፕላን ላይ ጨርሱት ለሱ ማንም ተጨማሪ ብር አይጠይቃችሁም፣ ኢንሱሌሽኑን ግን ከራሳችሁ መዋጮ ያዙለት።

ሌላው ብሩ በአንዴ አይለቀቅም፣ በዙር ነው። መሰረት ጨርሳችሁ መሐንዲሱ መጥቶ ያያል ይለቀቃል፣ ግድግዳ እስከ ቶፕ ታይ ቢም (ከላይ ግድግዳውን የሚያስረው ኮንክሪት) ሲደርስ ይለቀቃል፣ ጣሪያ፣ ከዛ ፊኒሺንግ። አሰራሩ ጥሩ ነው፣ ውላችን ላይ ወለዱ የሚታሰበው በወሰድነው ላይ ብቻ ነው። ግን የመሐንዲሱ መምጫና የጅማ ዝናብ አይተዋወቁም። የጣሪያውን ዙር ስንጠብቅ ግንቦት አለቀ፣ ሰኔ ገባ፣ ግድግዳው ራቁቱን ቆሞ ዝናብ ጠጣ፣ ያ ሁሉ እርጥበት እስኪወጣ ልስን ማስለሰን አልተቻለም። ብሄራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮች ብድር በአመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገድቦ ነበር፣ ገደቡ በኋላ ከፍ ቢልም ባንኮቹ ብር ሲለቁ አሁንም እጃቸው ይጨብጣል። ዘግይቶ ሲለቀቅ ደሞ ዋጋው አይጠብቃችሁም፣ በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሬ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ ፌሮው የመብራት ገመዱ ሁሉ የጨመረው ጭማሪ የጸደቀው ቢል ኦፍ ኳንቲቲ ላይ አይታይም፣ ልዩነቱ ከኪስ ነው። መሰረት በጥቅምት ጀምሩ፣ ጣሪያ የምትመቱበትን ብር ቢቻል ከራሳችሁ አዘጋጅታችሁ ጠብቁ፣ ባንኩ ሲለቅ ትተኩታላችሁ።

የወለዱን ነገር በቁጥር ላሳያችሁ ምክንያቱም ብዙ ሰው አመቱ ሲረዝም ይቀለኛል ብሎ ነው የሚፈርመው። ለምሳሌ 2 ሚሊዮን ብር በ17 በመቶ ብትወስዱ በ15 አመት ለመጨረስ በወር ወደ 30,800 ብር ነው፣ በ20 አመት ደሞ ወደ 29,300። በወር የሚቀንሰው 1,500 ብር እንኳን አይሞላም፣ በድምሩ ግን 1.5 ሚሊዮን ብር ገደማ ትርፍ ትከፍላላችሁ! እኛ 15 አመቱን መረጥን። በዛ ላይ የግምት ክፍያ፣ የአገልግሎት ክፍያ፣ የመያዣ ምዝገባ፣ የእሳት ኢንሹራንስ አለ፣ እነዚህን ከመፈረማችሁ በፊት በብር አስጽፉ። ወለድ የማትፈልጉ ወለድ አልባ መስኮቱን ጠይቁ፣ ባንኩ እቃውን ገዝቶ ትርፍ ጨምሮ በዱቤ የሚሸጥበት አሰራር አለ፣ ጎረቤቴ በሱ ነው የሰራው፣ እቃው በአይነት ስለሚመጣ ቀጥ ያለ ነው ይላል፣ የጉልበት ዋጋ ግን ከራሱ ነበር።

ቤቱ አሁን ተገብቶበታል። ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጎረቤት ቆርቆሮው ስር መቀመጥ ሲያቅታቸው እኛ ሳሎን ተቀምጠን ቡና እናፈላለን፣ ኢንሱሌሽኑ ዝናብ ሲዘንብ ድምጹንም ስለቀነሰው ልጆቹ ሌሊት አይነቁም፣ ገላ የምንታጠበው አብዛኛውን ጊዜ በፀሐይ በሞቀ ውሃ ነው፣ ሰማዩ ለቀናት ሲዳምን ብቻ ቦይለሩን እንነካለን። ለባንኩ ከ5 ኮከብ 3 እሰጣለሁ፣ ልጅቷ ባትኖር 2 ነበር። የፊኒሺንግ የመጨረሻው ዙር ገና አልተለቀቀም፣ አጥሩ እሱን ነው የሚጠብቀው።