እጇን ሳትነካ ፊቷን የመለሰችልን ባለሙያ

ይህ ምስጋና ለአንዲት ሥዕል ጠጋኝ ነው። "ሥዕል ደግሞ ይጠገናል እንዴ?" የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም እስከ አምና ድረስ ከእናንተ ጋር ነበርኩ።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሥራዬ ሆም ኬር ነው። አንዲት አሜሪካዊት አሮጊትን ስድስት ዓመት ተንከባክቤአለሁ። "እማማ" ነበር የምላቸው። ትርጉሙን ስነግራቸው ወደዱት፤ ከዚያ በኋላ በስማቸው ስጠራቸው ይኮርፉ ነበር። አልጋቸው ፊት ለፊት አንድ የሴት ሥዕል ተሰቅሏል። የቅድመ አያታቸው እናት ናት። መድኃኒት ሲውጡ እሷን እያዩ ነው የሚውጡት።

እማማ ሲያርፉ ልጃቸው ደወለችልኝ። "ሥዕሏ ለአንቺ እንድትሰጥ እናቴ ጽፋለች" አለችኝ። በብርድ ልብስ ጠቀለልኳት፤ የኋላ ወንበር ላይ አስቀምጬ ቀበቶ አሰርኩላትና ወደ ቤት ይዣት መጣሁ።

እንግዲህ ምን እንደምትመስል ልንገራችሁ። ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች። እጅጌው እንደ ፊኛ ተነፍቷል። ራሷ ላይ ነጭ የዳንቴል ቆብ አለ፤ ያኔ ባለትዳር ሴቶች ቤት ውስጥ ያደርጉት የነበረው ዓይነት። ዓይኗ ትልቅ ነው፣ ቀጥ ብሎ ያያችኋል። እጇ ላይ ትንሽ ቀይ መጽሐፍ አለ። እጇ ግን እጅ አይደለም፤ አምስት ካሮት ነው። ይህ ሁሉ ደግሞ የሚታየው ከቡናማ ጉም በስተጀርባ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣችው እናቴ ገና ስታያት፣ "ይቺ ሴትዮ ጭስ ቤት ነው እንዴ የኖረችው?" አለች።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። ለፋሲካ ቤት ሳጸዳ፣ እሷንም አጸዳኋት። እርጥብ ጨርቅ፣ ጠብታ የዕቃ ሳሙና። ጨርቁ ላይ ቡናማ ነገር ሲወጣ ደስ አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ግን ከጥግ በኩል የትንሽ ጣት ጥፍር የምታህል ቀለም ተነስታ ጨርቁ ላይ ተለጠፈች። እዚያው ቁጭ አልኩ። እማማ ከሞቱ ያላለቀስኩትን ያን ቀን አለቀስኩት።

መጀመሪያ የሄድኩት አንድ ፍሬም ቤት ነው። ሰውየው ሥዕሏን አንድ ደቂቃ እንኳ በደንብ አላያትም። "እጇን እናስተካክላለን፣ ጉንጯን እናቀላለን፣ አዲስ ትሆናለች" አለኝ። 900 ዶላር። ልከፍል ካርዴን አውጥቼ ነበር። ያዳነችኝ የእማማ ልጅ ናት፤ "ማንም ከመንካቱ በፊት ኮንሰርቫተር፣ የቅርስ ጥገና ባለሙያ፣ ፈልጊ" ብላ የጽሑፍ መልእክት ላከችልኝ። የአሜሪካ የቅርስ ጥገና ባለሙያዎች ማኅበር ድረ ገጽ ላይ የባለሙያ መፈለጊያ አለ። የምትኖሩበትን አካባቢ፣ የዕቃውን ዓይነት ታስገባላችሁ። እኔም ይህችን ሴት ያገኘኋት እዚያ ነው።

የምትሠራው ቤቷ ቤዝመንት ውስጥ፣ ብቻዋን ነው። ሥዕሏን ስሰጣት ፊቷን አላየችም። ገልብጣ ጀርባዋን ነው ያየችው። የዛገውን ምስማር፣ የሸራው መወጠሪያ ማዕዘን ላይ የተሰኩትን ትንንሽ ሽብልቆች፣ አንዱን በአንዱ እያየች ፎቶ አነሳች። ከዚያ ቀና ብላ፣ "አንቺ ራስሽ ምን አደረግሽባት?" አለችኝ። ለንስሐ አባቴ እንደምናዘዘው ነገርኳት። አልተቆጣችም። "ጨርቁስ የት አለ?" አለችኝ። አፍሬ በፌስታል ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ ደብቄው ነበር። ስነግራት ከመቀመጫዋ ተነሳች። በማግስቱ ወሰድኩላት። ያቺን ቅራፊ በቀጭን ብሩሽ ከጨርቁ ላይ አንስታ ቦታዋ መለሰቻት። ዛሬ የቱ ጋ እንደነበረች ብትጠይቁኝ አላውቅም።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የመብራቱ ነገር ነው። ክፍሉን አጨልማ አልትራቫዮሌት መብራት አበራችባት። ሥዕሏ በሙሉ አረንጓዴ ጭጋግ ለበሰች። ያ አሮጌው ቫርኒሽ፣ ቀለሙ ላይ የሚቀባው ሽፋን ነው አለችኝ። ከዛፍ ሙጫ የሚሠራ ቫርኒሽ ሲቀባ እንደ ብርጭቆ የጠራ ነው፤ ዕድሜ ሲጫነው ግን ሻይ ይመስላል። ጭስ ቤት አልኖረችም ማለት ነው። በአረንጓዴው መሃል ሁለት ጥቋቁር ጠባሳ ታየኝ፤ አንዱ ጉንጯ ላይ፣ አንዱ ከንፈሯ ላይ። "ይህ የሠዓሊው እጅ አይደለም። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ሰው ቀብቶላታል" አለችኝ። ለካ ያ የማውቀው ፈገግታ የሌላ ሰው ነው! ያ ፍሬም ቤት ሊያደርግ የነበረውን፣ ሌላ ፍሬም ቤት ቀድሞ አድርጎታል።

ላይ ላዩን ያለውን ቆሻሻ ያጸዳችው በምን ይመስላችኋል? በምራቅ። እውነቴን ነው። ምራቅ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ቆሻሻን ቀስ አድርጎ ያላቅቃል፤ ሙያው የሚያውቀው የቆየ ዘዴ ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ፣ "እኔስ ፊትሽን በምን ስጠርግ ነው ያደግሽው?" አለች። ለቫርኒሹና ለኋለኛው ቅብ ግን የተመጠነ ኬሚካል ነው። ቀጭን እንጨት ላይ ጥጥ ጠቅልላ፣ የሳንቲም ታህል ቦታ እያጸዳች፣ ጥጡን እየጣለች። አራት ወር ፈጀባት። ቀለም የጨመረችው ቀለሙ በጠፋበት ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ወደፊት ሌላ ባለሙያ ቢፈልግ ሊያነሳው የሚችል ቀለም ነው።

ስለ እጇ ጠየቅኳት። ሰው ነኝ፣ ካሮቶቹ ያስጨንቁኝ ነበር። "እጅ መሳል አልቻለበትም። ይህ የእሱ ነው፤ እኔ ምን አገባኝ?" አለችኝ።

ሠዓሊው ማን እንደሆነ አይታወቅም፣ ፊርማ የለም። የእማማ ቤተሰብ ከምዕራብ ማሳቹሴትስ ነው የመጣው። ያኔ በዚያ አካባቢ ከመንደር መንደር እየዞሩ የሰው መልክ የሚስሉ ሰዎች ነበሩ። ብዙዎቹ ትምህርት ቤት አልገቡም። አንዳንዶቹ የሱቅ ሰሌዳም ይቀቡ ነበር። ዘመኑን ያወቀችው በእጅጌው ነው፤ እንዲህ የተነፋ እጅጌ ፋሽን የነበረው በፈረንጆቹ 1830ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ነው። በ1839 የፎቶግራፍ ዜና ከፓሪስ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ የእነዚህ ሠዓሊዎች ገበያ እየቀዘቀዘ ሄደ። እኔ ደግሞ ሠዓሊዎቹ ክረምት ላይ ገላውን ብቻ ስለው ይጨርሱና በጋ ላይ ፊት እየጨመሩ ይሸጡ ነበር የሚል ነገር አንብቤ፣ አዋቂ ልምሰል ብዬ ነገርኳት። ሳቀች። ደስ የሚል ወሬ ነው እንጂ ማስረጃ የለውም አለችኝ።

እውነት ለመናገር ሌላም ተስፋ ነበረኝ። አሚ ፊሊፕስ የሚባል ሠዓሊ አለ፤ ከኮነቲከት ተነስቶ 50 ዓመት ያህል ሲስል የኖረ። ሥራዎቹ ለረጅም ጊዜ የሁለት የተለያዩ ሰዎች ይመስሉ ነበር፤ የአንድ ሰው መሆናቸው የታወቀው ከሞተ ወደ መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። ሥዕሎቹ በብዙ ገንዘብ ይሸጣሉ። "የኔዋስ የእሱ ትሆን?" ብዬ ጎግል ሳደርግ አድሬ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ነው ቁርጡን የነገረችኝ። "የእሱ አይደለችም። ለእኔ ከምትከፍይው ባነሰ ዋጋ ልትሸጥ ትችላለች። አስቢበት" አለችኝ። ሥራ ፈልጋ ያጣች ሰው እንዲህ አትልም፤ የሞላላትም ቢሆን ስንቷ ትለዋለች? 1,850 ዶላር በሦስት ጊዜ ከፈልኩ። ከፊትና ከኋላ፣ ሥራው ሳይጀመርና ካለቀ በኋላ የተነሳ ፎቶ ያለበት፣ የተጠቀመችበት ነገር ሁሉ የተጻፈበት ሰነድ ሰጠችኝ።

ዋሽንግተን ናሽናል ጋለሪ ሄደሽ የእነዚያን ከመንደር መንደር የሚዞሩ ሠዓሊዎች ሥራ እዪ ያለችኝም እሷ ናት። መግቢያው ነፃ ነው። እማዬን ይዤ ሄድኩ። እነዚያ ዓይናቸው የፈጠጠ፣ ፊት ለፊት የሚያዩ ሰዎች ፊት ቆማ፣ "እነዚህ እኮ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው የሚመስሉት" አለች። ከኋላችን የቆመው ጥበቃ ሐበሻ ነበር፤ እሱም ሳቀ።

አሁን ሥዕሏ ሳሎናችን ውስጥ ናት። ፀሐይ በማያገኘው ግድግዳ ላይ፣ ከማሞቂያው ርቃ። የውሸት ፈገግታዋ ተነስቶ ከንፈሯ ቀጭን፣ ግጥም ያለ ሆኗል። የእማማ ልጅ መጥታ ስታያት ዝም አለች፤ ከዚያ "እናቴ ስትናደድ እንዲህ ነበረች" አለች።

የባለሙያዋን ስም እዚህ ያልጻፍኩት ብቻዋን ስለምትሠራ፣ በአንድ ጊዜም ከጥቂት ሥራ በላይ ስለማትቀበል ነው። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። እንግሊዝኛ የሚያስቸግራችሁ ካላችሁ እኔ እደውልላችኋለሁ። ከሀገር ቤት ተጠቅልሎ የመጣ የሸራ ሥዕል ያላችሁም ጠይቄላችኋለሁ፣ አይታ ትነግራችኋለች። መልሳችሁ መጠቅለል ካለባችሁ ቀለሙ ወደ ውጭ ይሁን፣ ወደ ውስጥ ከሆነ ይሰነጠቃል ብላለች። እስክትወስዱላት ድረስ ግን አደራ፣ ጨርቅ እንዳታስነኩት።