የሙዚቃ ሳጥን ወይስ ሙዚቃ ያለበት ሳጥን? ከጅማ ሆኖ ለሚያዝ ሰው የቀረጥ ንጽጽር

ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ካለችው የስጦታ ሱቄ ውስጥ ክዳኑ ሲከፈት ዜማ የሚያሰማውን ሳጥን ያህል የሚጠየቅ ዕቃ የለም። ለሰርግ ይፈለጋል፣ ለክርስትና ይፈለጋል፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ሲመረቁ ደግሞ ከመደርደሪያ አይተርፍም። ድሮ ደንበኛው ዋጋ ጠይቆ፣ ተከራክሮ፣ ይገዛ ነበር። አሁን ስልኩን አውጥቶ አንድ ሥዕል ያሳየኝና «ይሄን ራሴ ባስመጣው ስንት ይገባልኛል?» ይለኛል። ለሁሉም አንድ በአንድ ከምመልስ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ የራሴን ሞኝነት ልናገር። ያስመጣሁት የመጀመሪያ ካርቶን ሁለት ደርዘን ዕቃ ነበረው። ሻጩ ኢንቮይሱ ላይ ሁሉንም «የሙዚቃ ሳጥን» ብሎ ጻፈው፣ ዕቃዬን ከጉምሩክ የሚያስለቅቅልኝ ትራንዚተሬም እንደዚያው አስገባው። ካርቶኑ ሲከፈት ግማሹ የሸክላ ምስል ሆነ፤ መልአክ፣ ጥንቸል፣ ጃንጥላ የያዘች ልጅ፣ ሁሉም ሆዳቸው ውስጥ ትንሽ ማጫወቻ ተቀብሮባቸዋል። ፈታሹ ጥንቸሏን አንስቶ አገላበጣትና «እህቴ፣ ይቺ እኮ ጌጥ ናት፤ ዘፈን ስላወቀች የሙዚቃ መሣሪያ አትሆንም» አለኝ። ያኔ ተናድጄ ነበር። የታሪፍ መጽሐፉን ሳየው ግን ልክ ነበር።

ዕቃው በየትኛው ምጣኔ እንደሚቀረጥ የሚወስነው የታሪፍ ቁጥር ከዓለም ጉምሩክ ድርጅት የመጣ ነው። የመጀመሪያዎቹ 6 አኃዞች በየአገሩ አንድ ናቸው፤ የእኛ መጽሐፍ ሁለት ጨምሮ 8 ያደርሳቸዋል። የሙዚቃ መሣሪያዎች ምዕራፍ 92 ውስጥ ናቸው፣ የሙዚቃ ሳጥን ደግሞ 92.08 ላይ፣ በንዑስ ቁጥር 9208.10 ተቀምጧል። ጎረቤቶቹ ያስቃሉ። የገበያ ሜዳ ኦርጋን፣ በሞላ (በስፕሪንግ) የሚዘምር ወፍ፣ ሙዚቃ የሚጫወቱበት መጋዝ፣ አዳኞች ወፍ የሚጠሩበት ማታለያ እና የትራፊክ ፖሊሱ ፊሽካ፣ ሁሉም እዚያው 92.08 ላይ ናቸው።

ለዚህ ቁጥር የሚበቃው የትኛው ነው? ውስጡን ማየት ነው። የብረት በርሜል አለ፣ ላዩ ላይ ጥቃቅን እሾህ በዜማው ልክ ተተክሏል። በርሜሉ ሲዞር እሾሁ እንደ ማበጠሪያ የተሰነጣጠቀ ብረት ጥርስ ይነካል፤ ጥርሱ ሲነዝር ድምፅ ይሰጣል። የሚያዞረው በቁልፍ የሚሞላ ሞላ ነው፣ ወይም የእጅ መዘውር። ይህን የማበጠሪያ ነገር የጄኔቫው ሰዓት ሠሪ አንቷን ፋቭር እ.ኤ.አ. በ1796 ካሳየ ወዲህ ዋናው ሐሳብ ብዙም አልተለወጠም። እንዲህ ያለው ማጫወቻ በሳጥን ውስጥ ተቀምጦ የዕቃው ዋና ጉዳይ ዜማው ከሆነ፣ 92.08 ነው። ዕቃው በዋናነት መገልገያ ወይም ማስጌጫ ከሆነ ግን ማጫወቻው እንደሌለ ተቆጥሮ ወደየወገኑ ይሄዳል፤ ሰዓቱ ከሰዓቶች ጋር ምዕራፍ 91፣ የሸክላ ምስሉ 69.13። የእኔ ጥንቸል የሄደችው እዚያ ነው።

እንግዲህ ጥንድ ጥንድ አድርገን እንያቸው።

ባለ ሞላው ሳጥን እና የሸክላ ወይም የመስታወት ጌጡ

ዋጋቸው በሻጩ ገጽ ላይ ተቀራራቢ ስለሆነ ሰው የሚያማርጠው በመልክ ነው። እኔ የማየው ክብደቱን ነው። ቀረጥ የሚሰላው በዕቃው ዋጋ ብቻ ሳይሆን ጭነቱና ኢንሹራንሱ ተደምሮበት ነው፤ ስለዚህ ለከባድ ዕቃ የከፈላችሁት የጭነት ዋጋ ራሱ ይቀረጣል። ውኃ የሞላበት፣ ሲነቀነቅ በረዶ የሚዘንብበት የመስታወት ሉል ከዚህ አንጻር ክፉ ግዢ ነው። ይከብዳል፣ ይሰበራል፣ ከዚያም ላይ በመስታወትነቱ ወይስ በፕላስቲክነቱ ይመደብ የሚል ክርክር ያስከትላል። ለገና በዓል ተብሎ የተሠራ ከሆነ ደግሞ 95.05 ይጠራዋል። ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ ያለው 350 ኪሎ ሜትር መንገድ ስንቱን እንደሰበረብኝ አልቆጥርም። ባለ ሞላውን ሳጥን ግዙ።

ባለሪናዋ ያለችበት የጌጣጌጥ ሳጥን

እውነተኛው ችግር እዚህ ነው፤ በብዛት የሚታዘዘውም ይኸው ነው። ክዳኑ ሲከፈት ትንሿ ባለሪና ትሽከረከራለች፣ ከሥር ዜማ ይሰማል፣ ግን ውስጡ መስታወት አለ፣ ለቀለበት የተሰነጠቀ ስፖንጅ አለ፣ መሳቢያ አለ። ይሄ ምንድን ነው? የጌጣጌጥ ሳጥን ከእንጨት ሲሆን 44.20፣ በቆዳ፣ በጨርቅ ወይም በወረቀት የተለበጠ ሲሆን 42.02 አለው። ሦስት በር ያለው ዕቃ ማለት ነው።

እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ይህ ነው፦ ማጫወቻው ቢወጣ ዕቃው ይሸጣል ወይ? ሁለት መሳቢያና መስታወት ካለው ይሸጣል፣ ስለዚህ የጌጥ ሳጥን ነው። ውስጡን ማጫወቻው ሞልቶት ለአንዲት ቀለበት ብቻ ቦታ ከቀረ አይሸጥም፤ ያ የሙዚቃ ሳጥን ነው። ፈታሹ ሁልጊዜ ከእኔ ጋር ይስማማል ማለት አይደለም፤ ቢያንስ ምን ብዬ እንደምከራከር ግን አውቃለሁ። ብዛት ያለው ልታዙ ከሆነ፣ ከማዘዛችሁ በፊት የዕቃውን ፎቶ፣ የተሠራበትን ነገርና ውስጡን የሚያሳይ ሥዕል ይዛችሁ ምደባውን ከጉምሩክ በጽሑፍ ጠይቁ። ጅማ የራሷ የጉምሩክ ቅርንጫፍ ስላላት ለመጠየቅ አዲስ አበባ መውጣት የለባችሁም።

በባትሪ የሚዘፍነው

ይሄ ንጽጽር ውስጥ መግባት የለበትም ነበር፤ ሻጮች «የሙዚቃ ሳጥን» ስለሚሉት ነው ያስገባሁት። ውስጡ ማበጠሪያ የለም፤ ኤሌክትሮኒክ ቺፕ ነው። ሲከፈት የሚዘፍን የመልካም ምኞት ካርድ ያው ካርድ ነው፣ 49.09። የልጅ መጫወቻ ከሆነ 95.03፤ የመጫወቻ ጊታርና ፒያኖም ከምዕራፍ 92 ወጥተው ወደዚያው ነው የሚሄዱት። ለሕፃን ልደት ከሆነ ይበቃል። ለሙሽራ ግን አትስጡ፤ ባትሪው ሲደክም ዜማው የታመመ ሰው ድምፅ ያወጣል።

በእጅ የሚዞረው፣ ባለ ወረቀቱ

ወረቀት ላይ ቀዳዳ እየበሱ የፈለጉትን ዜማ የሚያስገቡበት ነው። 15፣ 20 እና 30 ኖታ ያላቸው አሉ። ማጫወቻው ራሱን ችሎ ሳጥን ውስጥ ሲመጣ 92.08 ነው፤ ወረቀቱ ለብቻው ከታዘዘ ግን 92.09፣ የመሣሪያ ክፍሎችና ተጨማሪዎች መካከል ይገባል። የእኛን አገር ዜማ በሳጥን መስማት ለሚፈልግ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። አንድ የሙዚቃ መምህር ደንበኛዬ ባለ 30ውን ገዝቶ ትዝታን በሰኞ ማታ አንድ ቁጭታ በስቶ አመጣልኝ፤ ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ዝም አለ። ማስጠንቀቂያዬ አንድ ነው። የጅማ ክረምት ወረቀቱን ያረጥበዋል፤ ያበጠ ወረቀት ጥርሶቹ መካከል ይይዛል። ወፈር ያለውን ወረቀት እዘዙ፣ ቆርቆሮ ውስጥም አስቀምጡት። ለብረት ማበጠሪያውም ቢሆን እርጥበት ዝገት ነው፤ ከጫማ ካርቶን ውስጥ የምትጥሏትን እርጥበት መጣጭ ከረጢት አትጣሏት።

አሮጌው

100 ዓመት ያለፈው ዕቃ ከምዕራፍ 92 ወጥቶ ወደ ጥንታዊ ቅርሶች፣ 97.06 ይሄዳል። ዕድሜውን የሚያስረዳ ሰነድ ከሌለ ግን «የአያቴ ነው» ማለት አያዋጣም። የሸክላ ማጫወቻም (ግራሞፎን) ብዙ ጊዜ በስህተት የሙዚቃ ሳጥን ይባላል፤ በእጅ ቢሞላም ቁጥሩ 85.19 ነው።

ማጫወቻውን ብቻ ማስመጣት

አሁን ወደ ልቤ መጣሁ። ሳጥኑን ትታችሁ ማጫወቻውን ብቻ ብታዝዙስ? የሙዚቃ ሳጥን ማጫወቻ ከ92.09 ጋር ነው። ባለ 18 ጥርሱ መዳፍ ላይ ያርፋል፣ ጭነቱ ከቁጥር አይገባም፣ አይሰበርም፣ ጌጥ ነው ወይስ መሣሪያ የሚል ጥያቄም አያስነሳም። የጃፓኑ ሳንክዮ እና የቻይናው ዩንሸንግ በብዛት የሚገኙት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1865 የተመሠረተው የስዊዘርላንዱ ሬዩዥ 72 ጥርስ ያለውን ጭምር ይሠራል፤ እሱ ግን ለሌላ ኪስ ነው።

ሳጥኑንስ? ጅማ ተቀምጦ የእንጨት ሳጥን ከቻይና ማስመጣት ቡና ከውጭ እንደማስመጣት ነው። ባለ ሦስት እግሩን በርጩማ ከአንድ ግንድ ፈልፍሎ የሚያወጣ እጅ ያለበት ከተማ ነው። ሂርማታ አጠገብ የሚሠሩ አንድ አናጢ አሉ፤ መጀመሪያ ማጫወቻውን ይዤላቸው ስሄድ ጆሯቸው ላይ አስጠግተው «አንቺ ልጅ፣ ይሄ እኮ ይንሾካሾካል» አሉኝ። ከዋንዛ ሳጥን ሠርተው ወለሉን ቀጭን አድርገው ብሎኑን ሲያጠብቁት ግን ያው ማጫወቻ ከመንገድ ማዶ ተሰማ። ምስጢሩ ወለሉ ነው። ማጫወቻው ከቀጭን ጣውላ ጋር በብሎን ጥብቅ ብሎ መያያዝ አለበት፤ ሳጥኑ ደግሞ ትናንሽ እግሮች ካሉት ድምፁ ከሥር መውጫ ያገኛል። ወፍራም ወለልና ከሥር የተለጠፈ ጨርቅ ድምፁን ይገድሉታል።

ለአናጢው አንድ ነገር ንገሩት፦ ሞላው ተሞልቶ እያለ ከጎን ያለችውን ፍጥነት መቆጣጠሪያ ማራገቢያ እንዳይፈታ። ከፈታት በርሜሉ ያለ ልጓም ይሽከረከርና እሾሁንም ጥርሱንም ይመነግለዋል። እኔ አንዱን እንዲህ አጥቻለሁ።

ገንዘቡ

የየቁጥሩ ምጣኔ በታሪፍ መጽሐፉ ላይ ከቁጥሩ ጎን ተጽፏል፤ ከፍተኛው 35 በመቶ ነው። የምደባ ልዩነት ኪስ ላይ ምን እንደሚያደርግ ለማሳየት ያህል ብቻ፣ ጭነትና ኢንሹራንስ ተደምሮበት 100,000 ብር የሆነ ዕቃ በ10 እና በ35 በመቶ ቢቀረጥ ብዬ አስልቼዋለሁ። ኤክሳይዝ (በተመረጡ ዕቃዎች ላይ የሚጣል ታክስ) የለበትም ብዬ ነው።

| | 10 በመቶ ቢሆን | 35 በመቶ ቢሆን |
|---|---|---|
| የጉምሩክ ቀረጥ | 10,000 | 35,000 |
| ቫት 15 በመቶ | 16,500 | 20,250 |
| ሱር ታክስ (ተጨማሪ ታክስ) 10 በመቶ | 12,650 | 15,525 |
| ዊዝሆልዲንግ (በቅድሚያ የሚያዝ ግብር) 3 በመቶ | 3,000 | 3,000 |
| ማኅበራዊ ልማት ቀረጥ 3 በመቶ | 3,000 | 3,000 |
| ድምር | 45,150 ብር | 76,775 ብር |

የቀረጡ ልዩነት 25,000 ብር ነበር፤ መጨረሻ ላይ 31,625 ሆነ። ቫቱ የሚሰላው ቀረጡ ከተደመረ በኋላ፣ ሱር ታክሱ ደግሞ ቫቱም ከተደመረ በኋላ ስለሆነ ነው። እንደኔ ንግድ ፈቃድ ያለው ሰው ዊዝሆልዲንጉን ከዓመቱ የትርፍ ግብሩ ያቀናንሳል፣ የቫት ተመዝጋቢ ከሆነም ቫቱን ያካክሳል። ሱር ታክሱ ግን ሄደ፣ ሄደ ነው። ለአንድ ሰርግ አንድ ዕቃ የሚያስመጣ ሰው የሚያካክስበት ስለሌለው የተጠየቀውን ሁሉ ከኪሱ ይከፍላል፤ ስለዚህ ለአንድ ፍሬ ከሆነ ከሱቅ ግዙ ብል ለራሴ ሱቅ ማሻሻጥ አይምሰላችሁ። አሥርና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ለምሳሌ ለሚዜዎች በሙሉ፣ ማጫወቻውን አስመጥታችሁ ሳጥኑን እዚሁ አሠሩ። የሙሽሮቹን ስም ክዳኑ ላይ ማስቀረጽ ስለሚቻል ከውጭ የመጣው አይወዳደረውም።

ስታዝዙ ኢንቮይሱ ላይ «ጊፍት» ወይም «ሙዚቃ ቦክስ» ብቻ እንዲጻፍ አትፍቀዱ። ማጫወቻ ከሆነ «ለሙዚቃ ሳጥን የሚሆን ማጫወቻ፣ ባለ 18 ኖታ፣ በሞላ የሚሠራ፣ ያለ ሳጥን» ይበል፤ ብዛቱና የነጠላ ዋጋው ይለይ፤ የተለያየ ዓይነት ካለ በየመስመሩ ይጻፍ። እና ዜማውን አስቀድማችሁ አዳምጡ። ባለፈው ዓመት 20 ማጫወቻ በቁጥር ብቻ አዝዤ ሁሉም የልደት ዘፈን ሆነው መጡ፤ አራቱ እስካሁን መደርደሪያ ላይ ናቸው፣ ልደት ያለው በቅናሽ ይውሰድልኝ።