ሊስተር 6/1፦ 33 ዓመት ቆሞ የኖረ የወፍጮ ሞተር አስነስተን ያየሁት

አያት ወይ አባት ወፍጮ ቤት ውስጥ የቆመ ሊስተር ያላችሁ ሰዎች ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ፣ በየገጠሩ ስሄድ አየዋለሁ፣ ዶሮ ሰፍሮበት፣ ጆንያ ተከምሮበት፣ አንዳንዱ ጋ ጭራሽ ደጅ ወጥቶ ዝናብ እየመታው። ብረት በኪሎ የሚገዛው ነጋዴ ሲመጣ "ውሰደው ቤት ያስለቅቅልን" ከማለታችሁ በፊት ይሄን አንብቡልኝ። ባጭሩ ለቸኮለ ሰው፦ ሞተሩን ከ5 አራት ከግማሽ እሰጠዋለሁ፣ ግማሿን የቀነስኩት ለምን እንደሆነ ወደታች እነግራችኋለሁ።

የኛው ያለው ሰሜን ሸዋ ደነባ አካባቢ ነው። አያቴ እስከ 1983 ሲፈጭበት ኖሮ የዛን ዓመት ነገሩ ሁሉ ሲደበላለቅ ናፍጣ ጠፋ፣ ሞተሩም ቆመ፣ ከዛ አያቴ አረፈ፣ ከዛ መብራት ገባና ሰው ሁሉ በመብራት ወፍጮ ማስፈጨት ጀመረ፣ በቃ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። 2016 ላይ ግን መብራት እየሄደ ሰው ጤፉን ተሸክሞ ወፍጮ ቤት ደጅ ሁለት ሦስት ቀን ሲመላለስ አይቼ ነው አጎቴን "ይሄን ነገር ለምን አንሞክረውም" ያልኩት። አጎቴ መጀመሪያ ዝም አለ፣ ከዛ "አባባ ቢኖር ደስ ይለው ነበር" ብሎ ቁልፉን ሰጠኝ።

ስለ ሞተሩ ትንሽ ልበል። ጎኑ ላይ ያለችውን የነሐስ ሰሌዳ በነጭ ጋዝ ስጠርጋት ዱርስሊ ኢንግላንድ የሚል ወጣ። ዱርስሊ ግሎስተርሻየር ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፣ ሊስተር ፋብሪካ የነበረው እዛ ነው። ይሄ ሲኤስ የሚባለው ዓይነት ነው፣ በእንግሊዝኛ "በቀዝቃዛ መነሳት" የሚለው አጠራር ምህፃር ነው፣ በፈረንጆቹ 1930 አካባቢ ጀምረው እስከ 1980ዎቹ ድረስ ብዙም ሳይቀይሩት ሲሰሩት የኖሩት ሞተር። 6/1 ማለት 6 የፈረስ ጉልበት ባንድ ሲሊንደር ማለት ነው። ፒስቶኑ 114.3 ሚሊ ስፋት አለው፣ ምቱ 139.7 ሚሊ ነው፣ ወደ 1,400 ሲሲ ያክላል ማለት ነው፣ አንድ ትንሽ መኪና ባራት ሲሊንደር የሚይዘውን ይሄ ባንዱ ይዞታል። የሚዞረው ግን በደቂቃ 650 ጊዜ ብቻ። ለዛ ነው ድምፁ ዱክ ዱክ ዱክ እያለ አንዱን ካንዱ ለይታችሁ የምትሰሙት፣ አራት ምት ስለሆነ (በሁለት ዙር አንዴ ስለሚያቃጥል) በደቂቃ 325 ጊዜ ነው የሚተኩሰው። ግራና ቀኝ ሁለት ትላልቅ ቮላኖ (ከባድ የብረት መዞሪያ ጎማ) አለው፣ ጠቅላላ ክብደቱ ከሦስት ኩንታል ያልፋል።

አሁን ፒስቶኑ ለምን ዝጎ እንደተነከሰ (ሲሊንደሩ ውስጥ እንደተጣበቀ)። የጭስ ማውጫው ቱቦ ቀጥ ብሎ በጣራው በኩል ይወጣል፣ አናቱ ላይ አያቴ ጣሳ ይደፋበት ነበር። ጣሳው በሆነ ዓመት ንፋስ ወስዶታል። ሞተሩ ሲቆም ደሞ የጭሱ ቫልቭ ክፍት ሆኖ ነው የቆመው፣ ስለዚ ስንት ክረምት ዝናቡ በቱቦው ገብቶ በቫልቩ አልፎ ፒስቶኑ አናት ላይ ሲጠራቀም ኖሯል። ሞተር ያላችሁ ሰዎች ሁለት ነገር ነው የምላችሁ፣ አንደኛ ቱቦውን ክደኑ፣ ሁለተኛ ለረጅም ጊዜ ስታቆሙት ቮላኖውን በእጅ እያዞራችሁ ሁለቱም ቫልቭ የተዘጋበት ቦታ ላይ አቁሙት። ይሄን ብናውቅ ኖሮ ግማሹ ወጪ አይኖርም ነበር።

መጀመሪያ ያስገባነው አንድ ከተማ ውስጥ ያለ ጋራዥ ነው፣ ስሙን አልጠራም። ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) ፈቱና ፒስቶኑን ባራት ኪሎ መዶሻ በብረት ዘንግ መቱት። እኔ አልነበርኩም። ስመጣ ፒስቶኑ አናት ላይ ሳንቲም የሚያክል ጉድጓድ ተሰርቷል፣ ንቅንቅ ግን አላለም። "ይሄ አይሰራም፣ ሞተር ግዙ" አሉን፣ የመፍቻ ብለውም ተቀበሉን። በጣም አዘንኩ፣ ስለ ገንዘቡ አይደለም፣ 30 ዓመት ዝገት የያዘውን ነገር ባንድ ከሰዓት በኋላ በመዶሻ አለቅቃለሁ ማለት ምን ማለት ነው።

ከዛ ሰው አገናኝቶን አዲስ አበባ መርካቶ ጀርባ ቶርኖ ቤት (የብረት መቅረጫ) ያላቸው አንድ ሽማግሌ ጋ ወሰድነው። ጋሼ ሲያዩት መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ሲሊንደሩን በመዳፋቸው መዳሰስ ነበር። "ማን መታው?" አሉ። ነገርኳቸው። "ልጄ፣ ይሄ ብረት እንደ በሬ ነው፣ ስትመታው ይተኛል" ብለው ዝም አሉ። ከዛ ቀን ጀምሮ እሳቸው ያሉኝን ብቻ ነው ያደረግኩት።

አሰራራቸውን በደንብ ልንገራችሁ ምክንያቱም እዚ ላይ ነው ሁሉም ያለው። የዚ ሞተር ጥሩ ነገር ሲሊንደሩ ለብቻው ነው፣ ከታችኛው አካል ላይ በረጃጅም ብሎኖች ነው የታሰረው። የዘይቱን ቤት በር ትከፍቱና በሱ በኩል እጃችሁን አስገብታችሁ የቢዬላውን (ፒስቶኑን ከታችኛው ዘንግ ጋር የሚያገናኘውን ክንድ) ዳዶ ትፈታላችሁ፣ ከዛ ሲሊንደሩን ፒስቶኑ እንደተነከሰበት ከነቢዬላው ብድግ አድርጋችሁ ታወጡታላችሁ። ጋሼ ናፍጣና የካምቢዮ ዘይት ደባልቀው ከላይ ሞሉት፣ 18 ቀን እንዲሁ ቆየ፣ በየሁለት ቀኑ ይጨምሩበታል። ከዛ ከወይራ እንጨት ልክ የፒስቶኑን አናት የሚያክል ድቡልቡል ነገር በቶርኖ ላይ አወጡ፣ ብረት በብረት እንዳይነካ ማለት ነው፣ ፕረሱ ላይ አስቀመጡትና ትንሽ ተጭነው ተዉት። ትንሽ ብቻ። ሻይ ጠጣን። ተመልሰው በጣም በጥቂቱ ጨመሩ፣ ዙሪያውን በእሳት ሞቅ አደረጉት፣ ተዉት። ሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ቋ የሚል ድምፅ ሰማን፣ ፀጉር የምታክል ነው የተንቀሳቀሰችው፣ ጋሼ ግን ፕረሱን ለቀው ቀና ብለው "እግዚአብሔር ይመስገን፣ መጣ" አሉ። ከዛ በኋላ ወደታች እየተንሸራተተ ወጣ።

ሲወጣ ያየሁት ነገር፦ ፒስቶኑ ቆሞበት ከነበረው ቦታ በላይ ሲሊንደሩ ውስጥ ዙሪያውን ሁለት ጣት የሚሆን ቀይ የዝገት ቀለበት አለ፣ ከሱ በታች ግን እንደ መስታወት ያበራል። ትላንት የቆመ ነው የሚመስለው። በጥፍሬ ስዳስሰው ቀለበቱ ጋ ጉድጓድ ጉድጓድ ይሰማኛል። ጋሼ በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ ልስጥህ ብለው ሊገላገሉኝ ይችሉ ነበር፣ አላደረጉትም፣ ሲሊንደሩን አስፍተው አዲስ ካሚቻ (የሲሊንደር የውስጥ ቱቦ) አስገብተው ወደ መጀመሪያው 114.3 ሚሊ መለሱት። ከጠቅላላው ወጪ ትልቁ ይሄ ነው።

ስለ መለዋወጫ። ኦሪጅናል የእንግሊዝ ማግኘት ከባድ ነው ግን አትጨነቁ፣ ሕንዶቹ ራጅኮት በሚባለው ከተማቸው ይሄንኑ ሞተር አስመስለው ለብዙ ዓመት ሲሰሩት ስለኖሩ ፒስቶኑ፣ ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት)፣ ጓርኒሲዮኑ (በብረቶቹ መገጣጠሚያ መሀል የሚገባው ማሸጊያ)፣ ቫልቩ ሁሉም የነሱ ይገባል። መርካቶ ውስጥ ፈልጋችሁ ታገኛላችሁ። ሳትለኩ ግን እንዳትገጥሙ። እኛ የገዛነውን ፋሻ ጋሼ ሲሊንደሩ ውስጥ ከተቱትና በቀጭኗ የብረት ቅጠል መለኪያ የጫፎቹን ክፍተት ለኩ፣ ወደ 0.4 ሚሊ መሆን ሲገባው ጫፍና ጫፉ ሊነካካ ምንም አልቀረውም። እንደዛው ብንገጥመው ሲሞቅ ይለጠጥና ጫፎቹ ተጋጭተው አዲሱን ካሚቻ ይፍቁት ነበር። አንድ ባንድ በሞረድ አስተካከሏቸው። አዲሱ ፒስቶን ላይም የመቅለጫ አሸዋ ተገኝቶበታል፣ በነጭ ጋዝ በደንብ ማጠብ ነው። ሌላ ማስጠንቀቂያ፣ የድሮው ጓርኒሲዮን አስቤስቶስ አለበት፣ በደረቁ አትፋቁት፣ አርጥባችሁ አንሱት፣ አቧራው ለሳንባ መጥፎ ነው።

ናፍጣ ፖምፓውን በተመለከተ፣ ውስጡ የቀረው ናፍጣ እንደ ሙጫ ደርቆ ነበር። ውስጡ ያለችው ዘንግና ቤቷ ተለክተው አንድ ላይ የተሰሩ ስለሆኑ የአንዱን ካንዱ መቀላቀል አይቻልም፣ ነጭ ጋዝ ውስጥ አራት ቀን አድራ በጣት ብቻ ስትገፋ ወጣች። ኖዝሉን (ናፍጣውን ሲሊንደሩ ውስጥ የሚረጨውን) ደሞ መሞከሪያ ላይ ሲጭኑት መጀመሪያ እንደ ቧንቧ ነበር የሚያንጠባጥበው፣ ጫፉን ቀይረው ሲሞክሩት ክርክር የሚል ድምፅ እያወጣ እንደ ጉም በተነ። ያን ድምፅ ሳትሰሙ ኖዝል ተሰራልኝ ብላችሁ እንዳትቀበሉ።

ደነባ መልሰን ስንተክለው ውሃ ማቀዝቀዣው የድሮው ባለ 200 ሊትር በርሜል ነው። ፓምፕ የለውም፣ የሞቀው ውሃ ራሱ ወደ ላይኛው ቱቦ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ከታች ይገባል፣ በቃ። ከመግጠማችን በፊት ግን ከውሃው መንገድ ውስጥ ባልዲ ሙሉ ዝቃጭና ጭቃ አውጥተናል፣ ይሄን የዘለለ ሰው ሞተሩን ያቃጥለዋል።

የተነሳበት ቀን ጠዋት ነበር፣ ብርዱን የደነባ ሰው ያውቀዋል። የናፍጣውን አየር አወጣን፣ አጎቴ የጭሱን ቫልቭ ማንሻ ይዞ እኔ ማኖቬላውን (ማስነሻ እጀታውን) ይዤ። ቴስታታው ጎን የምትዞር እጀታ አለች፣ ስትዘጋ ማቃጠያው ይጠብና ኮምፕሬሽኑ (የአየሩ መታመቅ) ይጨምራል፣ ለማስነሻ ዘጋናት። ማዞር ጀመርኩ፣ ቮላኖዎቹ ፍጥነት ሲይዙ አጎቴ ማንሻውን ለቀቀው። አንዴ ዱክ ብሎ ነጭ ጭስ ተፋና ቆመ። ሁለተኛም እንደዛው። ሦስተኛው ላይ ዱክ... ዱክ... ዱክ ዱክ ዱክ ዱክ ብሎ ያዘው። ማኖቬላውን አውጥቼ ስቆም እጄ ይንቀጠቀጣል። ውጪ ስንወጣ ከማዶ ካለው መንደር ሰዎች እየመጡ ነው፣ አንዲት እናት "የአባባ ወፍጮ ነው እኮ! ይሄን ድምፅ ልጅ ሆኜ ነው የሰማሁት" እያሉ እልል አሉ። ጤፍ ይዘው የመጡም ነበሩ፣ ገና ድንጋዩ አልተወቀረም ነበር እንጂ።

አሁን ወደ ስራው። ደነባ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስስ ስለሆነ 6 ፈረስ ብሎ የተጻፈው እኛ ጋ አራት ተኩል ቢሆን ነው። ትንሿን ድንጋይ በደንብ ያዞራል፣ ትልቁን የመብራት ወፍጮ ድንጋይ ግን አይችልም፣ ሞክረነዋል ቺንጋው (ሞተሩን ከወፍጮው የሚያገናኘው ቀበቶ) ይንሸራተታል። ስለዚ ቀኑን ሙሉ ሰልፍ ላለበት ወፍጮ አይሆንም፣ መብራት ሲጠፋ ሰፈሩን ለማዳን ወይ ውሃ ለመሳብ ነው የሚሆነው። ናፍጣ በሰዓት አንድ ሊትር አካባቢ ነው የሚጠጣው። ከቻይናው ሞተር ጋር ሳወዳድረው ቻይናው ቀላልና ርካሽ ነው፣ ግን ጎረቤታችን በሦስት ዓመት ሁለተኛውን ነው የገዛው።

ግማሿን ነጥብ የቀነስኩት ለአደጋው ነው። ቮላኖውን ዘንጉ ላይ የያዘችው የብረት ሽብልቅ ጭንቅላቷ ወደ ውጪ ወጣ ያለ ነው፣ ሲዞር አይታይም፣ ጋቢ ወይ ነጠላ ጫፉን ከያዘችው ሰውን ይዛ ትሄዳለች። እኛ ዙሪያውን በብረት ፍርግርግ አጥረነዋል፣ ሳታጥሩ ሰው እንዳታስገቡ፣ በተለይ ልጆች። ማኖቬላ ስትይዙም አውራ ጣታችሁን ከሌሎቹ ጋር ባንድ ወገን አድርጉ፣ ሞተሩ ወደ ኋላ ቢመታ ጣት ይሰብራል። ደሞ የላይኛዎቹ የቫልቭ መምቻዎች ዘይት በራሳቸው አያገኙም፣ በየጠዋቱ በእጅ ጠብ ጠብ ማድረግ ግዴታ ነው፣ ለሰራተኛ ትታችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይሄን አስቡበት።

ከመጀመሪያው 10 ሰዓት ስራ በኋላ ዘይቱን ስንቀይር የብረት ብናኝ ነበረው፣ ሁለተኛው ላይ ንፁህ ወጣ። ጭስ ማውጫው ላይም አዲስ ጣሳ ደፍተንበታል፣ አሁን ግን አጎቴ ራሱ ጣራ ላይ ወጥቶ በሽቦ ሦስት ዙር አስሮታል።