ጭድና አገዳውን የበጎቻችን መኖ ላደረገችልን ባለሙያ፦ ምስጋናና ጥቆማ

በግ የምታረቡ ወዳጆቼ፣ ይህን ጽሁፍ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። የምጽፈው አንዲት የእንስሳት መኖ ባለሙያን ለማመስገንና ለእናንተም ለመጠቆም ነው። ስሟን በአደባባይ እንዳላወጣ ጠይቃኛለች፤ ፈቃዷን አከብራለሁ። ሥራዋን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ሣር ሲጠፋ በግ ማቆየት ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ያየ ያውቀዋል። ተገዝቶ የሚመጣው መኖ አቅም ይፈትናል። እህሉ ከተወቃ በኋላ የሚቀረው ጭድ፣ ገለባና አገዳ ደግሞ በየቦታው ይቃጠላል፣ ወይ ዝናብ ያበሰብሰዋል። እሷ ስትመጣ የምትሸጠው ነገር ይዛ አልመጣችም። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ከአዝመራው ምን ተረፈላችሁ?» የሚል ነበር።

ቀጥ ብላ ወደ ክምሩ ሄደች። እጇን እስከ ክርኗ አስገብታ ከውስጥ ዘግና አወጣች፣ አሸተተችው። ሻጋታ የነካውን ለይታ ወደ ጎን ጣለችው፤ የሻገተ ነገር በግ ያሳምማል፣ እርጉዟንም ሊያስወርዳት ይችላል አለች። አባቴ አላመናትም ነበር። «ልጄ፣ ይሄን እንጨት የመሰለ ነገር በግ ይበላዋል?» አላት። «አባባ፣ ሁሉም አንድ አይደለም» ብላ የስንዴ ጭድና የባቄላ ገለባ ጎን ለጎን ዘረጋችለት። የስንዴ ጭድ ፕሮቲኑ ከ3 እስከ 5 በመቶ ቢሆን ነው። በበግ ትልቁ ጨጓራ ውስጥ መኖውን የሚያብላሉት ጥቃቅን ተሕዋስያን ግን በደንብ እንዲሠሩ ከ7 እስከ 8 በመቶ አካባቢ ይፈልጋሉ። ለዚህ ነው ጭድ ብቻ የበላ በግ ሆዱ ሞልቶ ሥጋው የሚጎድለው። የባቄላ፣ የአተርና የሽምብራ ገለባ፣ ቅጠሉ ካልረገፈ፣ ከእህሎቹ ጭድ ይሻላል። ስለዚህ ሁለቱን ቀላቅሉ አለችን።

በግ እንደ ከብት ያገኘውን አይጠቀልልም። አፉ ጠባብ ነው፣ ከንፈሩ ይመርጣል፣ ቅጠሉን ለቅሞ ግንዱን ይተወዋል። ባለሙያዋ ይህን እንደ ጥፋት አላየችውም። የበቆሎውን አገዳ ከ2 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር አስከተፈችን። ከሚበሉት ትንሽ አትረፍርፋችሁ ስጡና የተዉትን ለከብት ወይም ለጉዝጓዝ አውሉት አለች። አዲሱን መኖ ደግሞ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሳምንትና በሁለት ሳምንት ቀስ በቀስ አስለመድናቸው።

በጣም የማመሰግናት ግን በዩሪያው ሥራ ነው፤ ጭዱ እንዲለሰልስና ፕሮቲኑ እንዲጨምር ማዳበሪያውን ዩሪያ በውኃ አሟሙቶ መርጨት ማለት ነው። ዩሪያ በጥንቃቄ ካልተያዘ በግ ይገድላል። እሷም ይህን ሳትነግረን ከረጢቱን አላስከፈተችንም። ለ100 ኪሎ ደረቅ ጭድ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዩሪያ በሚዛን ይለካል፣ በግምት አይሆንም። ከ50 እስከ 100 ሊትር ውኃ ውስጥ አንድም ፍሬ ሳይቀር ይሟሟል፣ በየንብርብሩ ላይ እኩል ይረጫል። ከዚያ ተረግጦ አየር በማያስገባ ላስቲክ ይታሸጋል። አገሩ ሞቃት ከሆነ 3 ሳምንት ይበቃዋል፣ ብርድ ካለ ይረዝማል። ሲከፈት ሽታው ዓይን ያቃጥላል፤ አንድ ቀን ተዘርግቶ ሽታው ሳይወጣ ለበግ አይሰጥም። ከ6 ወር በታች ላሉ ግልገሎች ጭራሽ እንዳትሰጡ ብላ አስጠንቅቃናለች። ዩሪያ የሟሟበትን ባልዲም ራሷ አጥባ፣ ከበጎቹ መጠጫ አርቃ አስቀመጠችው። እንዲህ ያለ ሰው ነው የሚያስፈልገን።

ጭድ ተአምር ነው ብላም አልሸነገለችንም። አንዲት እናት በግ ከመውለዷ በፊት ባሉት 6 ሳምንታት ውስጥ ጽንሱ አብዛኛውን እድገቱን ያድጋል፤ ያኔና ስታጠባ በጭድ ብቻ አትቆምም። ሙክት ለማድለብም እንደዚሁ። ፉርሽካና ፋጉሎ (ዘይቱ የተጨመቀ የቅባት እህል ተረፍ) ለእነዚህ እንጂ ለሁሉም እኩል እንዳይበተን ለይታ ሠራችልን። ጨውና ንጹሕ ውኃ ከፊታቸው አይጥፋ አለች። ለከብት የተዘጋጀ የማዕድን ድብልቅ ግን መዳብ ስላለበት አትስጡ፤ በግ መዳብ ሲበዛበት ይመረዛል።

ከርማ ደግሞ ተመለሰች። አባቴን እጁን ይዛ በግ ወገብ ላይ፣ ከመጨረሻው ጎድን በስተኋላ አሳረፈችው። አጥንቱ ከሾለ ከስቷል፣ ከተሸፈነና ክብ ከሆነ ደህና ነው። ጸጉሩ ዓይን ያታልላል፣ እጅ ግን አይዋሽም አለችው። ዛሬ አባቴ በግ ሲያይ ቀድሞ ወገቡን ነው የሚነካው። ሣሩ ባለቀበት ወቅት በጎቻችን ቁመናቸው አልወረደም፣ ያረገዙትም በሰላም ወለዱ። እግዚአብሔር ይስጥልን፣ እህታችን!

እሷን ማግኘት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ሩቅ ከሆናችሁም በአካባቢያችሁ ያለውን የእንስሳት መኖ ባለሙያ ፈልጉ። ግን ከአጨዳ በፊት ይሁን፣ በጎቹ ከከሱ በኋላ አይሁን። የባቄላና የአተር ቅጠል በጠራራ ፀሐይ ሲነካ ይረግፋል፤ በማለዳ ተሰብስቦ፣ ደርቆ፣ ጥላ ሥር ከመሬት ከፍ ብሎ መከመር አለበት። ስትጽፉልኝ ምን ዓይነት ተረፈ ምርት እንዳላችሁ፣ ስንት በግ እንዳላችሁና ከእነሱ ስንቱ እርጉዝ እንደሆኑ አብራችሁ ንገሩኝ። መጀመሪያ የምትጠይቀው ይህንኑ ነው።