ሱሉልታ ወይስ ሰበታ? ከከተማ ወጣ ለሚል ሰው

ሁለቱም ከአዲስ አበባ ጋር ተያይዘዋል፤ በሁለቱም አፋን ኦሮሞና አማርኛ ጎን ለጎን ይሰማል። ጸጥታ ለሚፈልግ ግን ምርጫው ሱሉልታ ነው።

ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ ላይ ነው። ከአዲሱ ገበያ በሚኒባስ ይኬዳል። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሯጮች ይወዱታል። ልምምዳቸውን ማየት የሚፈልግ ማልዶ፣ ከጠዋቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ሜዳው ላይ ይገኝ፤ መንገዳቸውን ግን አይዝጋባቸው። ከቆላ የመጣ ሰው በመጀመሪያው ቀን አብሬ ልሩጥ ቢል ትንፋሹ ያጥረዋል፣ ራሱንም ሊያመው ይችላል፤ በእግር መንሸራሸር ይበቃዋል። ጥቁሩ አፈር በክረምት ጫማ ይዞ ስለሚያስቀር ቦት ጫማ የግድ ነው። ጠዋት ብርዱ ከባድ ነውና ጋቢ ወይም ወፍራም ሹራብ ይያዝ። የአካባቢውን ወተትና እርጎ ለመቅመስ ከረቡዕ፣ ከዓርብና ከአጽዋማት ውጭ ያለ ቀን ይሻላል።

ሰበታ በጅማ መንገድ ነው፤ መነሻው አየር ጤና። ፋብሪካና የጭነት መኪና ስለሚበዛበት ዋናው መንገድ ላይ ዕረፍት አይገኝም። ዋጋው ያለው ከከተማው አልፎ፣ በወጨጫ ተራራ ላይ ባለው የመናገሻ ሱባ ደን ነው፤ ጥዶቹ እጅግ ያረጁ ናቸው። ወደዚያ የሚወስደው ጥርጊያ መንገድ ሲዘንብ ስለሚያንሸራትት ዝቅ ያለ የቤት መኪና ይቸገራል። ሙሉ ቀንና ምሳ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል።

ለሁለቱም ዝርዝር ብር ይያዝ። ሲመሽ ታክሲ ስለሚጠፋና ሰልፉ ስለሚረዝም፣ ከ11 ሰዓት በፊት ለመመለስ መነሳት ነው።